የአባ ጀማል ጅብና የእነሱ ድብ

ልጅ ነበርኩ፤ ትምህርታችን ወደ ኦሮምኛው የቁቤ ፊደል የዞረበት ሰሞን ነው። ያኔ ባሌ ሮቤ፣ እኛ ሰፈር፣ ፊልም የሚታየው በአንዲት የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት ነበር። እናቴ «ሴት ልጅ እዚያ ጨለማ ውስጥ ምን ልትሠራ!» ብላ ስለከለከለችኝ እኔ ፊልም የማውቀው ከአባ ጀማል አፍ ብቻ ነበር። አባ ጀማል ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሱቃቸው ከቪዲዮ ቤቱ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። አንድ ልጃቸውን ጀማልን በደርግ ጊዜ ለውትድርና አፍሰው ወስደውባቸው፣ መንግሥት ተለውጦ የሌላው ሰው ልጅ ሲመለስ የእሳቸው አልተመለሰም። ሞቷል የሚል ወረቀትም አልመጣም። እሳቸውም «ሞቷል» የሚላቸውን ሰው ሱቃቸው ድርሽ አያስብሉም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የሰፈሩ ልጆች እሳቸው ጋ እንታጨቅና፣ የከሰል ካውያቸው ፍም በቀዳዳው እየቀላ፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው፣ መሸት ሲል ደግሞ በፋኖሱ ብርሃን ጥላቸው ከተሰቀሉት ኮቶች ላይ እየተወዛወዘ፣ «ኢጆሌ፣ ልጆች፣ ስሙ!» ይሉን ነበር። ከሁሉ የምንወደው የካርቱኑን ነው። ልጇ የጠፋባት ጅብ ናት። ዲንሾ ገበያ ድረስ ሄዳ፣ ሰው ሁሉ እየሸሻት፣ «ልጄን አያችሁ?» ትላለች። የአንድ የጊኒር ነጋዴ በቅሎ ቃጭል ትሰማና እሱን ተከትላ ትሄዳለች፤ በመጨረሻም ልጇን ወንዝ ዳር ታገኘዋለች። ስታገኘው ትጮኻለች። ያን ጩኸት አባ ጀማል ራሳቸው ሲጮኹት፣ ወላሂ፣ ፀጉሬ ይቆም ነበር። ሁላችንም እናለቅሳለን።

አንድ ኢድ ላይ አጎቴ እናቴን ለምኖ ቪዲዮ ቤት ይዞኝ ገባ። ካርቱኑን አየሁት። ምን ጅብ አለ! በረዶ አገር የሚኖር ወፍራም ድብ ነው፤ ድብ ደግሞ ባሌ ውስጥ ማን አይቶ ያውቃል? ቃጭል ያሉን የትምህርት ቤት ደወል ነው። ያን ሁሉ እንባ ያስፈሰሰን ጩኸት ድቡ ጥርሱን አሞት ነው። ለካ አባ ጀማል ፊልሙን አንድም ቀን አላዩትም፤ በቆርቆሮው ማዶ ድምፁን ብቻ እየሰሙ ኖሯል።

በማግስቱ ልጆቹ በተሰበሰቡበት ደረቴን ነፍቼ፣ «አባ ጀማል፣ እርስዎ ፊልሙን አላዩትም! ጅብ አይደለም፣ ድብ ነው! የሚጮኸው ጥርሱን አሞት ነው!» አልኳቸው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሳቸው የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። አልተቆጡኝም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ታዲያ ልጇን አላገኘችውም?» አሉኝ።

«ኧረ መጀመሪያ ነገር ልጅም የለው!» አልኩ እየሳቅሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ተረት አልነገሩንም። ስንሄድ «ሥራ ይዣለሁ፤ ሂዱ እዚያው እዩት» ይሉናል። እኔ አፍሬ እንዳይመስላችሁ፤ ውሸታም ያጋለጥኩ መስሎኝ ስኮራ ከረምኩ።

ይኸው ባለፈው ቅዳሜ ልጆቼ ያንኑ ካርቱን «እንደ አዲስ ተሠራ» ብለው በፍላሽ አምጥተው ከፈቱት። ወይ ጉድ! ድቡን የእውነት ድብ አድርገውታል። ፀጉሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ አፍንጫው ላይ ያለው ጤዛ ሳይቀር ይታያል። ጥርሱን ሲያመው ግን ፊቱ ንቅንቅ አይልም፤ የእውነት ድብ ፊት የት ይጨማደዳል! የድሮው በእጅ የተሳለው ድብ ጉንጩ ድፎ ዳቦ አክሎ መሬት ለመሬት ሲንከባለል እኔም ጥርሴን ያመኝ ነበር። ይሄኛውን ግን የት እንዳመመው ሐኪም ቢመጣም አያገኝለትም። ወሬው ያው፣ ደወሉ ያው፣ ቀልዱ ያው፣ ያውም ግማሽ ሰዓት ተጨምሮበት ተለጥጦ። ለቀባሪው አረዱት! ይህን ሁሉ ሰውና ይህን ሁሉ ኮምፒውተር ሰብስቦ ተሠርቶ ያለቀን ነገር ማበላሸት ሥራ መፍታት ካልሆነ ምን ይባላል?

«እማ፣ ፀጉሩን እይው እንጂ!» አለኝ ልጄ ቢላል።

ፀጉር! ፀጉርማ የበግ አጎዛም አለው። የተሠራን ነገር ደግሞ መሥራት ነውር ነው አልልም፤ አባ ጀማልም ደግመው ነው የሠሩት፣ ያውም ሳያዩት። ግን የሚፈልጉት ሰው ነበራቸው። እነዚህ ማንን ፈልገው ነው? ማንንም። ሰው የወደደውን ነገር ማንሳት ስለሚቀል ብቻ አነሱት። ሠሪዎቹን እንዲህ እያልኩ ልውቀስ እንጂ፣ ያኔ «የእውነቱ ይሄ ነው» ብዬ የአባ ጀማልን ታሪክ የገደልኩት እኔው ነኝ። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ሞቱ፤ ጀማልም እስከ ዛሬ አልመጣም።

ቴሌቪዥኑን ቀጭ አድርጌ አጠፋሁና የጅቧን ነገርኳቸው። መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ዲንሾ ገበያ ስትደርስ ተጠጉኝ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ቆም አልኩ።

«አገኘችው?» አለ ቢላል።

«አገኘችው» አልኩት። አባ ጀማልም ሲጠይቁኝ እንዲህ ብዬ ብመልስላቸው ምን ነበረበት።