ከአዳራሹ ውጪ ያየነው ፍጻሜ

ይህ የሆነው በ2021 ማርች ወር፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራም ቤትም ቀይሬያለሁ፤ ብዙ ነገርም ረስቻለሁ። የዚያን ቀን ከሰዓት ግን ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ልቤ ይመታል። ይህንን እየጻፍኩ እንኳን ሁለት ጊዜ ከወንበሬ ብድግ ብያለሁ።

ሶሊያና አንድ ልጄ ናት፤ ሶሊ ነው የምንላት። የተወለደችው እዚሁ ቬጋስ ሲሆን ያሳደግናት እኔና ታላቅ ወንድሜ መኮንን ነን። እኔ ሆቴል ቁርስ ቤት አስተናጋጅ ነበርኩ፣ እሱ ታክሲ ይነዳል። እኔ «ጋሼ» ስለው እየሰማች ስላደገች እሷም ጋሼ ነው የምትለው። ባስኬትቦል ያስጀመራት እሱ ነው። ሲልቬራዶ ራንች በሚባለው ሰፈር ከነበረው ቤታችን አጠገብ ባለው ፓርክ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ይወስዳትና ያስወረውራት ነበር። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ለቀበሌያችን ቡድን ተጫውቻለሁ ይላል። ይህንን የሚመሰክርለት ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ሶሊ ሌላ ስቴት የሚገኝ ትንሽ ኮሌጅ ገብታ ለሴቶቹ ቡድን መጫወት ጀመረች። መጫወት ስል፣ ተጠባባቂ ነበረች፤ ብዙውን ጊዜ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ስታጨበጭብ ነው የማያት። በዚያ በኮሮና ዓመት ግን ቡድናቸው ያሸንፍ ጀመር። ማንም ያልጠበቃቸው ልጆች ትልልቆቹን ኮሌጆች በየተራ ጣሏቸው። እኔ ስለ ባስኬትቦል ምንም የማላውቅ ሴትዮ፣ ሥራ ቦታ ትሪ ይዤ እየዞርኩ ውጤት ቼክ ማድረግ ለመደብኝ።

እኛ ቤት ግን ሰላም አልነበረም። ካዚኖዎቹ ተዘግተው ሲከፈቱም ተሳፋሪ ስለጠፋ ጋሼ ቤት ዋለ። ከጠዋት እስከ ማታ ስልኩ ላይ ነው። የሀገር ቤቱን ፖለቲካ ይጨርስና የአሜሪካውን ምርጫ ይይዛል፤ ከዚያ ክትባቱ ይቀጥላል። በኅዳር፣ በታንክስጊቪንግ የምስጋና በዓል ቀን ሶሊ በቪዲዮ ደውላ፣ ክትባቱ እንደወጣ ሁላችንም እንድንወስድ ነገረችን።

«እኔ የማላውቀውን ነገር ክንዴ ውስጥ አላስገባም» አላት ጋሼ።

እሷ መለሰች፣ እሱ መለሰ። ከክትባቱ ወደ ምርጫው ተሻገሩ፤ ከምርጫው ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር ዘረኝነትን ለመቃወም ስለሚንበረከኩ ተጫዋቾች ተነሳ። ጋሼ «ያበላን ሀገር ላይ እንዲህ አይደረግም» አለ። እሷ «እኔም እንበረከካለሁ» አለችው። በመጨረሻ «አሳድጌሽ፣ አሁን አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ?» ብሎ ጮኸባት። እሷም በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ቀን በኋላ አልተነጋገሩም። እኔ መሃላቸው ሆኜ «ሰላም በላት»፣ «ሰላም በይው» እያልኩ ወራት አለፉ። ሁለቱም እልኸኞች ናቸው።

ማርች ሲገባ የሊጋቸው የማጠቃለያ ውድድር ቬጋስ እንደሚደረግ ተሰማ። ልጄ ልትመጣ ነው ብዬ ኩሽና ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ። ግን ቡድኑ ከሆቴል ወደ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ወደ ሆቴል ነው የተባለው። ወላጅ አይጠጋም፤ ተመልካችም አይገባም። ድፎ ዳቦ ጋግሬላት ብሄድ፣ የሆቴሉ ሰዎች የውጭ ምግብ አንቀበልም አሉኝ። መንገድ ማዶ ቆሜ ደወልኩላት።

«እማ፣ ወደ ላይ እይ! ከርተኑን እያወዛወዝኩት ነው!» አለችኝ።

ከዚያ ሁሉ መስኮት መሃል አንድ መጋረጃ ወዲያ ወዲህ ሲል አየሁ። እኔም ዳቦውን በሁለት እጄ ከራሴ በላይ አነሳሁላት። አላፊ አግዳሚው ምን እንዳሰበ እንጃ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩም ሳቅኩም።

የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፉ። ሁለተኛውንም አሸነፉ። ፍጻሜ ደረሱ። ያንን ካሸነፉ ወደ አገር አቀፉ ውድድር ያልፋሉ፤ ኮሌጃቸው እዚያ ደርሶ አያውቅም።

የፍጻሜው ቀን ጠዋት ሶሊ ደወለች።

«እማ፣ ሁለት ልጆች ፖዘቲቭ ሆኑ። ቋሚ ተጫዋቾች ናቸው። ኮች አሁን ነገረችኝ። እኔ ፕሌይ አደርጋለሁ። ላይክ፣ ብዙ ደቂቃ።»

«አንቺስ? ደህና ነሽ?»

«እኔ ኔጌቲቭ ነኝ። ኦኬ ነኝ። ብቻ ፈርቻለሁ።» ከዚያ «ጋሼ አለ?» አለችኝ።

ጋሼ ፊት ለፊቴ ቁርሱን እየበላ ነበር። ስልኩን ዘረጋሁለት። እጁን አላነሳም። እኔም «ሻወር ቤት ነው» ብዬ ዋሸሁላት።

ስልኩን ስዘጋ ጋሼ ሳህኑን ገፋ አደረገው። ከዚያ ተነስቶ ጃኬቱን ለበሰ።

«ተነሽ።»

«ወዴት?»

«አዳራሹ ጋ ነዋ!»

«ጋሼ፣ እኮ አያስገቡም።»

«አያስገቡን። በር ላይ እንሁን። ልጅቷ እዚህ ከተማ ስትጫወት እኔ ሶፋ ላይ አልቀመጥም።»

ሲነዳ እንደዚያ ቀን ፈጥኖ አያውቅም። አዳራሹ አጠገብ ያለው ሰፊ መኪና ማቆሚያ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ትልቅ ፒካፕ ብቻ ቆሟል። ከእሱ ፈንጠር ብለን ፓርክ አደረግንና ጨዋታውን በስልክ ከፈትን። ገና ቡድኖቹ ሲሟሟቁ ስልኩ ይቆም ጀመር፤ ክብ ነገር መሃሉ ላይ ይሽከረከራል። የእኔን ስልክ ብንሞክር እሱ ይባስ ብሎ ጭራሽ አልከፍት አለ። ጋሼ ስልኩን ይዞ ከመኪናው ወጣና ኔትወርክ ፍለጋ እጁን ሰማይ ላይ አንስቶ ይዞር ጀመር።

ያኔ ነው ከፒካፑ በኩል «የእናንተ ቆመ?» የሚል ድምፅ የሰማነው።

አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ናቸው። የፒካፑን የኋላ መዝጊያ ዘርግተው ቴሌቪዥን አስቀምጠዋል፤ እሳቸው ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ማስክ አላደረጉም። ራሳቸው ላይ ያለው ኮፍያ በዚያን ዓመት ሰው ሁሉ የሚጣላበት፣ የተሸነፉት ፕሬዚዳንት ደጋፊዎች የሚያደርጉት ቀይ የምርጫ ኮፍያ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። በዚያ ሰሞን በየቪዲዮው የምናየው መሰዳደብና መደባደብ ቀላል አልነበረም። እኔ ደግሞ ሁለት ማስክ ደርቤያለሁ።

«ኑ፣ እዚህ እዩ። ቦታ ሞልቷል» አሉ።

ጋሼ እኔን ሳይጠይቅ ሄደ። ተከተልኩት፤ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ሽማግሌው ሬይ እባላለሁ አሉንና ማስኬን አይተው «ከውጪም ታደርጊዋለሽ?» ብለው ሳቁ። ጋሼ ደጋፊ ሲያገኝ ጊዜ አብሮ ሳቀ። ወዲያው ክትባት ላይ ገቡ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የድሮ ጓደኛሞች መሰሉ። እኔ በልቤ «ጉድ ፈላ፣ ሁለተኛ ጋሼ አገኘሁ» አልኩ።

ከዚያ መዝሙሩ ተዘመረ። ካሜራው ልጆቹን አንድ በአንድ ሲያሳይ ሁለቱም ቡድን ውስጥ የተንበረከኩ አሉ። ሶሊ ተንበርክካለች። ሬይ ፊታቸውን አኮሳተሩ። «ያሳፍራል» አሉ።

ጋሼን አየሁት። በታንክስጊቪንግ ቀን ይህንኑ ያለ ሰው ነው። አሁን ግን ቀና ብሎ በጣቱ ቴሌቪዥኑን አሳየ።

«ያቺ ቁጥር አራት የእኔ ልጅ ናት» አላቸው።

ሬይ ዞረው ጋሼን አዩት። ኋላ እሳቸውም ጣታቸውን አነሱ።

«ያቺ ከወዲያኛው ቡድን፣ ቀይ ፀጉር ያላት፣ የልጄ ልጅ ናት። እሷም ተንበርክካለች። በገና ተጣላን። ስልኬን አታነሳም። እዚህ የመጣሁት ቢያንስ አጠገቧ ልሁን ብዬ ነው።»

ጋሼ መኪናችን ድረስ ሄዶ ሁለት ጠርሙስ ውሃ አመጣና አንዱን ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ፖለቲካ ያነሳ ሰው የለም።

ጨዋታው ተጀመረ። ሶሊ የመጀመሪያዋን ኳስ ሳተች። ሁለተኛውን ቀሟት። ጋሼ «ክርንሽን! ክርንሽን ሰብስቢ!» እያለ ለቴሌቪዥኑ ይጮሃል። ሦስተኛዋን ከሩቅ ወረወረች፤ ኳሷ የቅርጫቱን ብረት ሳትነካ በመረቡ ሾልካ ወጣች። እኔ ከየት እንደመጣ የማላውቀው እልልታ አቀለጥኩት። ሬይ ከወንበራቸው ሊወድቁ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ ቀረ። እነሱ ሲያገቡ ሬይ ፒካፑን ይደበድባሉ፤ እኛ ስናገባ ጋሼ ኮንክሪቱ ላይ ይዘላል። አንዴ እኛ እንመራለን፣ አንዴ እነሱ። የሚገርመው ሶሊ የምትጠብቃት ልጅ ቀይ ፀጉሯ ናት። አንዷ በሄደችበት ሌላዋ አለች።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሁለቱ አንድ ኳስ ላይ ዘለሉ። ተጋጩ። ቀይ ፀጉሯ በጀርባዋ ወደቀችና አልተነሳችም። አዳራሹ ባዶ ስለሆነ ጭንቅላቷ ወለሉን ሲመታ በቴሌቪዥን ተሰማ።

ሬይ ቆሙ። በሩ እዚያ ይታያል፣ ጠባቂዎች ቆመውበታል፣ መግባት የለም። እኔ ርቀቱንም ማስኩንም ረሳሁት። ሄጄ ክንዳቸውን ያዝኩ። ዓመት ሙሉ ከቤቴ ሰው በቀር ማንንም ነክቼ አላውቅም ነበር። እጃቸውን በእጄ ላይ ደረቡና አጥብቀው ያዙኝ።

ሐኪም መጣ። ሶሊ አጠገቧ ተንበርክካ የሆነ ነገር ታወራታለች። ከዚያ ልጅቷ ተንቀሳቀሰች፣ ቀስ ብላም ተቀመጠች። ሶሊ እጇን ሰጥታ አስነሳቻት። ሐኪሙ ዓይኗን አየ፣ አነጋገራት፣ ቀሪውን ግን እንድትጫወት አልፈቀደላትም፤ በእግሯ ሄዳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሬይ ፊታቸውን በኮፍያቸው ሸፈኑ። ጋሼ ጀርባቸውን መታ መታ አደረገላቸው።

ጨዋታው ቀጠለ። ሰከንዶች ሲቀሩ በአንድ ነጥብ እየተመራን ሶሊ ላይ ጥፋት ተሠራና ሁለት ነፃ ውርወራ ተሰጣት። ሁለቱ ከገቡ እናሸንፋለን።

«እኔ ማየት አልችልም» ብሎ ጋሼ ከፒካፑ ጀርባ ሄደ። «ንገሪኝ!»

ሶሊ ኳሷን መሬት ላይ አነጠረች። ወረወረች። ኳሷ የብረቱን ቀለበት ዞረች፣ ዞረች፣ ገባች።

«ገባ!» አልኩት።

«ሁለተኛውስ?»

«ገና ነው፣ ዝም በል!»

ሁለተኛውን ወረወረች። ይህኛው አልዞረም፤ ቀጥ ብሎ ገባ። የወዲያኛዎቹ ከመሃል ሜዳ የመጨረሻ ኳስ ወረወሩ፤ ሰሌዳውን መትታ ወጣች። አለቀ!

የሆንኩትን ሁሉ አላስታውስም። ጫማዬ አንዱ እግሬ ላይ አልነበረም። ጋሼ ከፒካፑ ኋላ እየሮጠ መጥቶ አቀፈኝ፣ ለቀቀኝ፣ ደግሞ ዘለለ። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ሁለቱም እግሮቹ ከመሬት ለቀቁ። እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል። ድንገት ሬይ ትዝ አሉኝና ዞርኩ። የልጅ ልጃቸው ተሸንፋለች እኮ። እሳቸው ግን ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ እያነሱን ነበር።

«ይሄንን ለልጃችሁ መላክ አለባችሁ» አሉን።

ከዚያ አውቶቡሶቹ ወጡ። የሶሊ አውቶቡስ መውጫው ላይ ቀስ ሲል እኛን አየችን። መስኮቱን ከፍታ ግማሽ አካሏን አወጣች።

«ጋሼ! መጣህ! ጋሼ መጣህ!»

ጋሼ ሁለት እጁን አውለበለበ። አውቶቡሱ ሳይርቅ ስልኩ ጠራ። በዚህ ጊዜ ራሱ አነሳው። ያወሩትን አልሰማሁም፤ ሆን ብዬ ራቅ አልኩላቸው። የሬይ የልጅ ልጅ ያለችበት አውቶቡስ ሲያልፍ ደግሞ ሬይ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ቀይ ፀጉሯ መስታወቱ ላይ መዳፏን ለጠፈች። ስልክ ትደውልላቸው አትደውልላቸው አላውቅም። መዳፏን ግን አይቻለሁ።

አገር አቀፉ ውድድር ላይ በመጀመሪያው ጨዋታ ክፉኛ ተሸነፉ። ማንም ግድ አልሰጠውም። ጋሼና ሶሊ በማግስቱ በስልክ ስለ ክትባቱ እንደገና ተጨቃጨቁ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ እየተሳሳቁ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቀን ድስት ማንሳት ሲያቅተው ክንዱን አየሁት፤ የክትባት ፕላስተር ተለጥፎበታል። ለሥራ ብዬ ነው አለ። ሶሊ ለእኔ ብሎ ነው ትላለች። እኔ አልጠየቅኩም።

ስለ ፖለቲካው ዛሬም ቤታችን ውስጥ አንስማማም። ፎቶው ግን ሳሎን ተሰቅሏል። እኔ አንድ እግሬ ባዶ ነው፣ ሁለቱም ማስኮቼ አገጬ ላይ ወርደዋል፣ አፌ እስከ ጆሮዬ ተከፍቷል። ጋሼ አየር ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣ «ይህንን ማን አነሳችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ያኔ ተነስቼ ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግረዋለሁ፤ ሁለተኛው ነፃ ውርወራ ላይ ስደርስ ደግሞ ሁልጊዜ እጮሃለሁ።