ከምሰሶው ሥር የተገኘው ዱቄት

ወይዘሮ ወርቂቱ አልተውም ያሉት አንድ ምሰሶ ነው። በጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ በተባለው ቀበሌ፣ አናጺው ባለቤታቸው አቶ ሣህሉ በገዛ እጃቸው ያቆሙት ባለሁለት ክፍል የጭቃ ቤት በዚህ የዋንዛ ምሰሶ ላይ ተደግፎ ይኖራል። አቶ ሣህሉ ካረፉ አራት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ሁለት ወንበር አለ፤ ከማድጋው ጠርዝ የሚደፋው ጣሳ ግን አንድ ነው። ጠዋት በሩን የሚከፍቱት ወይዘሮ ወርቂቱ ናቸው፤ ሲመሽ የሚዘጉትም እርሳቸው ናቸው፤ በመካከል በሩን የሚያንኳኳ አይገኝም።

ባለፈው ነሐሴ ብቸኛ ልጃቸው ከፈለ ከአዲስ አበባ መጣ። ሰላምታው ሳያበቃ ዓይኑ ከምሰሶው ሥር አረፈ። እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ብናኝ ወለሉ ላይ ተነስንሷል።

«እማዬ፣ ምስጥ ገብቶብሻል። ምሰሶው አልቋል፤ አንድ ቀን ቤቱ ይናድብሻል። ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ፣ አብረን እንሄዳለን።»

ወይዘሮ ወርቂቱ ከብናኙ ቆንጥረው በመዳፋቸው ላይ አሹት። «ምስጥ ዱቄት አይበትንም» አሉ።

«ደግሞ የምስጥ ሐኪም ሆንሽ?»

«የአናጺ ሚስት ነኝ። ካላመንከኝ ሸኩርን ጥራው። ምሰሶው ተበልቷል ካለ እከተልሃለሁ።»

ሸኩር ሙያውን ከአቶ ሣህሉ የተማረ የሰፈሩ አናጺ ነው። ካቻቪቴውን ይዞ መጣ፤ በእጀታው ምሰሶውን ከታች እስከ ላይ አንኳኳው። ድምፁ ጥኑ ነበር።

«አዴ ወርቂቱ እውነታቸውን ነው» አለ። «ይኼ ነቀዝ ነው። ቀዳዳውን እየው፣ ክብ ነው፣ መርፌ ቢያስገባ ነው። ነቀዝ የቦረቦረውን ወደ ውጭ ይጥላል። ምስጥ ደብቆ ይበላል፤ የበላበትንም በአፈር ይሞላል። ደግሞ ነቀዙ የነካው ዳር ያለውን ነጩን እንጨት ነው። ልቡ፣ ማሻአላህ፣ ብረት ነው። መድኃኒት ቢቀባ ይበቃዋል።»

ሸኩር ግን ሌላውንም እንጨት መፈተሽ ልማዱ ነበርና ወደ ጓሮው በር ሄደ። የመቃኑ ቀለም አንዳች እንከን አልነበረውም። ካቻቪቴውን ቢያስጠጋው ግን ያለ ኃይል እስከ እጀታው ሰመጠ፤ ሲስበውም እርጥብ አፈርና ነጫጭ ምስጦች ተከትለው ወደቁ።

ምክንያቱ ከግድግዳው ውጭ ነበር። ወይዘሮ ወርቂቱ ለማገዶ ከአጋሮ ያስመጡትን የቡና ገለፈት፣ ዝናብ እንዳይመታው ብለው፣ ከጣራው ክፈፍ በታች ከግድግዳው ጋር አጣብቀው ከምረውት ኖሯል። ሸኩር ክምሩን በአካፋ ገለል ቢያደርገው፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው የጭቃ መንገድ ከመሬት ተነሥቶ እስከ መቃኑ ሲወጣ ታየ።

«እርጥበትና ጨለማ ሰጥተውት ምን ያድርግ?» አለ ሸኩር። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን አዴ፣ ይኼን ያህል ሲበላ ግድግዳው ውስጥ ይንኮሻኮሻል። ጋሼ ሣህሉ ጆሮ ደቅኖ ማዳመጥን ለእርስዎም አስተምረዋል። አልሰሙትም?»

ወይዘሮ ወርቂቱ ጎንበስ ብለው የወደቁትን ምስጦች ተመለከቱ።

«አየሽ፣ እማዬ?» አለ ከፈለ። «በርሽ ሲበላ የማትሰሚ ሰው ብቻሽን እንዴት ትኖሪያለሽ? ልብስሽን ሸክፊ።»

እናት ወደ ቤት ተመልሰው ከምሰሶው አጠገብ ቆሙ። መዳፋቸውን በላዩ አሳርፈው ለልጃቸው እንዲህ አሉት፤

«ሰምቼዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ፣ ደረቅ ቅጠል ላይ የሚራመድ ሰው ያለ ይመስል፣ ተኝቼ ስሰማው ነበር። ምን እንደሆነም አውቄያለሁ። አባትህ ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት ከእኔ ሌላ ድምፅ የሚያሰማ አልነበረምና ዝም አልኩት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ገለፈቱን ከግድግዳው አርቁልኝ፣ መቃኑንም ለውጡልኝ፤ ከእንግዲህ በየሳምንቱ እያንኳኳሁ አያለሁ። ምሰሶው ግን ደህና ነው ተብሏል፣ አንተም ሰምተሃል። እሱ ሳይነቃነቅ እኔ አልነቃነቅም።»