ለዘሀራ የደረሳት መሬት

ትናንት የልጅ ልጄ አምባሰል ተዳፋት ላይ ለቤቱ መሠረት ሲቆፍር፣ የእርጥቡ አፈር ሽታ ልጅነቴን አመጣብኝ።

መሬት ለአራሹ የታወጀ ሰሞን ነው። መሬቱ በዕጣ ሲከፋፈል ገበሬው አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ ጭራሮ ምልክት አድርጎ ሰጠ። የማን ምን እንደሆነ ስላላየሁ እኔን ጠሩኝና ምልክቶቹን በየመሬቱ ላይ አኖርኩ። ከተሰነጠቀው ገደል ሥር ያኖርኩት ጭራሮ የጎረቤታችን የዘሀራ ሆነ። ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች ታሳድጋለች።

«ይደገም! እዚያ ይናዳል!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በይ አንቺ! ዕጣ አይደገምም» አለ አባቴ።

ዘሀራ ሳቀች። «ተዋት፣ ምን አጠፋች? አልሐምዱሊላህ፣ እኔም መሬት አገኘሁ። ረሃቡ ዘንድሮ ነው፤ ናዳው መቼ እንደሆነ ማን ያውቃል?»

ነገሩ ያኔ አልገባኝም። በሦስተኛው ክረምት ገደሉ ተንዶ ዘሀራን ከነልጆቿ ቀበራቸው። ዕጣው ትክክል ነበር ቢሉኝም እስከ ዛሬ ፍርድ አልለውም።

የልጅ ልጄ ከዐረብ አገር ሲመለስ ሐይቅ ከተማ ያለው ቤታችን በጦርነቱ ተቃጥሎ ጠበቀው። የቀረን ይህ ተዳፋት ብቻ ነው።

«እዚህ አትሥራ!» ብዬ ተቆጣሁት።

ዶማውን አቁሞ «እሺ እማዬ፣ የት ልሥራ?» አለኝ።

ዙሪያዬን አየሁ። የማሳየው ቦታ አልነበረኝም።