የኒርማል ዳዳ የረሃብ አድማ

አረጋውያንን በየቤታቸው የመንከባከብ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ክሬሰንት ታውን በሚባል ሰፈር ያለው ሕንፃ ሊፍት ተበላሽቶ ነበር። በደረጃ ወጥቼ ደንበኛዬ ያሉበት ፎቅ ስደርስ እኔው ራሴ ተንከባካቢ የሚያስፈልገኝ ሽማግሌ ሆኛለሁ። በሩን የከፈቱት ሰውዬ ሰዓታቸውን አይተው፣ "ጋዜጣዬ ላይ ብትሠራ ኖሮ ዛሬውኑ ትባረር ነበር" አሉኝ።

ኒርማል ዳዳ ይባላሉ። ዳዳ በቤንጋሊ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። በወጣትነታቸው ለባንግላዴሽ ነጻነት ተዋግተዋል፤ ኋላ ጋዜጣ አዘጋጁ፣ ፓርላማ ገቡ፣ በመሀል በመሀሉ ታሰሩ። ስንት መንግሥት ያልቻላቸውን ሰው ሻወር አስገባ ተብዬ የተላክሁት እኔ ነኝ! አንድ ካልሲ ማልበስ ክርክር አለው፣ ተቃውሞ አለው፣ ድምፅ መስጠት አለው። ድምፅ የምንሰጠው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ሁልጊዜ የምሸነፈው ግን እኔ።

አንድ ሰኞ ልጃቸው ሚታሊ ኢቶቢኮ የሚባል ሰፈር ወዳለ የአረጋውያን መኖሪያ ልታስገባቸው እንደወሰነች ነገረቻቸው። በማግስቱ ምሳ ሳቀርብላቸው ሳህኑን ገፉት።

"የረሃብ አድማ ላይ ነኝ።"

"ኧረ ዳዳ፣ ሩዙ ምን በደለ?"

"እስር ቤት እያለሁም ጠባቂው እንዲሁ ይለኝ ነበር።"

እኔም እንደ ሀገሬ አማላጅ ሽማግሌ፣ እሺ ካላሉኝ አልቀመጥም ብዬ ፊታቸው ተገተርኩ። ወገቤ ለሁለት ሊከፈል ሲደርስ ቀና ብለው አዩኝ።

"ሙከራህ ጥሩ ነው። ግን ዲሲፕሊን ይጎድልሃል፤ ግድግዳ ተደግፈሃል።"

ትዕግሥቴ አለቀና ስልኬን ስፒከር ላይ አድርጌ ለሱፐርቫይዘሬ ኮል አደረግሁ። "አልበላም አሉ" አልኳት።

"የምግብ ፍላጎት ማጣት ብለህ ሪፖርት አድርግ። ለልጃቸው አሁኑኑ እነግራታለሁ። እንዲህ ከሆነማ ቤት መቆየታቸውም ያጠራጥራል" ብላ ዘጋችው።

ዳዳ፣ ያለ ምርኩዝ የማይነሡት ሰውዬ፣ ብድግ አሉ። "ምን ብለህ? እየተቃወምኩ ነው ብለህ ጻፍ እንጂ!"

"እኛ ሥራ ላይ እንደዚያ የሚባል ነገር የለም። እዚህ ሀገር እርስዎ ቢራቡ ማንም አይፈራም፤ ታመዋል ብለው ኢቶቢኮ ይወስዱዎታል።"

ተመልሰው ተቀመጡ።

"ውሸት አላትምም ብዬ የታሰርኩ ሰው በውሸት ዜና ልወሰድ? አምጣ ሳህኑን!"

ሚታሊ እያለከለከች ስትገባ ድስቱ ተራቁቷል፤ እሳቸው የእኔን ምሳ፣ ሽሮዬን፣ እየጠረጉ ነበር።

"ባባ፣ ምነው አልበላም አልክ?"

"ሳትጠይቂኝ ወሰንሽብኛ።"

ካፖርቷን ሳታወልቅ አጠገባቸው ቁጭ አለች። "እሺ፣ አሁን ልጠይቅህ። ምን ትፈልጋለህ?"

"እዚሁ መሞት። ቶሎ ግን አይደለም።"

ኢቶቢኮ ቀረ። በምትኩ የእኔ የሥራ ሰዓት ተጨመረ። አሸናፊው እሳቸው፣ የተፈረደበት እኔ! ካልሲው ዛሬም በድምፅ ብልጫ ነው የሚለበሰው።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። ያልበላ ሰው ሁሉ የምግብ ፍላጎት አላጣም። ቢሮ ከመደወላችሁ በፊት ለምን እንደሆነ እሱን ጠይቁት።