ዳኛውን ማን ይመርጣል?

ሥራ የጀመርኩት መቱ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት፣ ጋሼ ኢተፋ ማመልከቻና ውል በሚጽፉባት ጠባብ ክፍል ነው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ በኮምፒውተር እጽፋለሁ። በመጀመሪያው ቀን አንድ የኪራይ ውል አትሜ ለባለጉዳዩ እስክሪብቶ ሳቀብል እጄን ያዙኝ።

«ዱብሲ» አሉኝ፤ አንብብለት ማለታቸው ነው። «ከመጨረሻው አንቀጽ ጀምር። ጭቅጭቁ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ሰው እዚያ ሲደርስ ይደክመዋል።»

ደንባቸው ይኸው ነበር። ባለጉዳዩ በሚሰማው ቋንቋ፣ ከኋላ ወደ ፊት ሳይነበብለት ማንም አይፈርምም። ከዳሪሙ በእግሩ የመጣ ገበሬ ወንበር ተሰጥቶት ሁለት ጊዜ ይነበብለታል። ሰልፉ መንገድ ሲደርስ እኔ በሆዴ እበግናለሁ፤ እሳቸው ቅንጣት አይቸኩሉም። ያን ጊዜ ያናድደኝ የነበረውን ነገር ዛሬ ከልቤ አደንቀዋለሁ።

ከዓመታት በኋላ ለየክሊኒኩና ለየትምህርት ቤቱ ሶፍትዌር የምጭን ባለሙያ ሆንኩ። ሶፍትዌር ውል አለው፤ ከግርጌው «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ ይመጣል። እኔም ለደንበኛው እጫንለታለሁ። ማን ያነበዋል?

ከመቱ ወዲያ ቡሬ ውስጥ እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤት ያላቸው እትዬ ጫልቱ ግን «ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። ዓይኔን ወረድ አድርጌ «አለመግባባት ቢነሳ በፍርድ ቤት ሳይሆን በግልግል ዳኝነት ያልቃል» የሚል አገኘሁ።

«ጃርሱማ ነው፣ እትዬ፤ በሽማግሌ ነው የሚያልቀው። የፍርድ ቤት ምልልስ ቀረልዎት» አልኳቸው።

«እሰይ! እንደሱማ ከሆነ ተጫነው።»

ተጫንኩት። የልጆቹን ውጤት ሶፍትዌሩ ይይዘዋል፣ ወረቀት ላይ መመዝገብም ይብቃዎት አልኳቸው፤ ሰሙኝ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ልክ ትምህርት ሲዘጋ፣ የሶፍትዌሩ ባለቤት ድርጅት አዲስ ውል ካልፈረማችሁ ብሎ ሶፍትዌሩን ቆለፈው። የስምንተኛ ክፍል ልጆች ውጤት እዚያው ሶፍትዌሩ ውስጥ ቀረ። ያለ ውጤት ዘጠነኛ ክፍል የሚቀበላቸው የለም። ድርጅቱ ስንደውል «ቅሬታ ካላችሁ አዲስ አበባ፣ እኛ በምንሰይመው ገላጋይ ዳኛ ፊት ቅረቡ» አለን። እትዬ ጫልቱ አልሰደቡኝም። «አንተን አምኜ ነበር» ብቻ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ውሉን አትሜ ጋሼ ዘንድ ሮጥኩ። ከመጨረሻው ጀመሩ፤ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ጃርሱማ ላይ አንተ ሽማግሌ ታመጣለህ፣ እኔም አመጣለሁ። እዚህ ግን ሁሉንም የሚያመጣው አንዱ ወገን ነው። ይሄ ምኑ ጃርሱማ ነው?»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ።»

«ነው እንጂ! በል አሁን ጻፍ።»

ዳኛ በመምረጥ አንዱን ወገን የበላይ የሚያደርግ የግልግል ስምምነት በሕግ እንደማይጸና ያውቁ ነበር። የእትዬ ጫልቱን ክስ በአንድ ገጽ አስጻፉኝ፤ አንድ ትርፍ ቃል አልነበረውም።

በቀጠሮው የድርጅቱ ጠበቃ «ተስማምተዋል፤ ይህ ፍርድ ቤት ሊያየው አይችልም» ብሎ ተከራከረ።

ዳኛዋ «ገላጋዩን ማን ይመርጣል?» አሉት።

«ድርጅታችን።»

«እሳቸውስ?» አሉ ዳኛዋ ወደ እትዬ ጫልቱ እያመለከቱ።

ዳኛዋ መቃወሚያውን ውድቅ አድርገው፣ ክርክሩ እስኪያልቅ የልጆቹ ውጤት እንዲለቀቅ አዘዙ። ውጤቱን ያተምነው ጋሼ ክፍል ነው። እትዬ ጫልቱ እያንዳንዱን ወረቀት ስም እየጠሩ ተቀበሉ፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ አተምኩ።

ከማግስቱ ጀምሮ ያዮ ድረስ ሄጄ፣ ቁልፉን የተጫንኩላቸውን ሰዎች ሁሉ እየዞርኩ ውላቸውን አነበብኩላቸው። ሁለቱ ተቆጥተው አሰናበቱኝ፤ እውነት ነበራቸው።

ጋሼ ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል። በቅርቡ ስልክ ገዝተው «አስጀምርልኝ» አሉኝ። «እስማማለሁ» የሚለው ሲመጣ ጣቴ በልማድ ሄደ። እጄን ያዙኝ።

«ዱብሲ።»

ከመጨረሻው ጀምሬ እስከ መጀመሪያው አነበብኩላቸው። ስጨርስ ቁልፉን ራሳቸው ተጫኑ። ከሥራዬ የተማርኩት ይኼው ነው፤ ውሉ ለባለቤቱ ይነበባል፣ ቁልፉንም የሚጫነው ባለቤቱ ነው።