ሞላሰስ የሚቀለበው ጉድጓድ

መጠበቅ አልችልበትም። ፈረስ መጋላ አደባባይ ታክሲ እስኪሞላ እንኳ ሦስቴ ወርጄ እሳፈራለሁ። ጉድ የሚያሰኘው፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ውሃ እስኪያጸዱ እንድጠብቅ ከውሃ ቢሮ ድሬ ጠያራ ወረዳ የተመደብኩት እኔ መሆኔ ነው።

እዚያ አንድ ሽማግሌ ለሟች ሚስታቸው ነፍስ ምጽዋት፣ ሰደቃ ብለው ያስቆፈሩት ጉድጓድ አለ። ከበላዩ ባለው ሜዳ ድሮ ያረጀ ጥይትና ፈንጂ ይቃጠል ነበር፤ ኬሚካሉ በአፈሩ ሰርጎ ውሃው ውስጥ ገባ። የተቀዳው ውሃ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ሮዝ ይሆናል። ጉድጓዱን ያሸግኩት እኔ ነኝ። ኬሚካሉን የሚሰባብሩትን ተሕዋስያን የምንቀልበው ሞላሰስ ነው፤ ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈው ጥቁር ዝልግልግ። ሽማግሌው "እኛ ውሃ አጥተን ጉድጓዱ ስኳር ይልሳል" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

አንድ ቀን ግን ሳያሾፉ ተናገሩ። "ሰው በጠጣ ቁጥር ሚስቴ ከአላህ አጅር፣ ምንዳ ታገኝ ነበር። አሁን ቆመባት። እኔም ደክሜያለሁ ልጄ። ሳልሞት ትከፍቺልኛለሽ?"

"እከፍትልዎታለሁ" አልኩ። አፌን ምን እንደከፈተው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ማረፍ የሚባል ነገር ጠፋ፤ በወር አንዴ የሚበቃውን ናሙና በየሳምንቱ እቀዳ ጀመር። የቢሮ ጓደኞቼ "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" ይሉኛል። ውጤቱ ግን እየተሻሻለ ነበር፤ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ከዚያ ውጤቱ ድንገት ተበላሸ። ስበር ሄድኩ። ማሸጊያው ተነቅሏል፣ ጉድጓዱ ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል።

"ላግዝሽ ብዬ ነው" አሉ ሽማግሌው ፈገግ ብለው። "ውሃ ሲበላሽ ክሎሪን ነው መድኃኒቱ።"

"ማን ነገረዎት?" ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

"አንቺ ነሻ። አተት የገባ ጊዜ፣ መስጊዱ ደጅ ቆመሽ አስተማርሽን። ወላሂ አንድ ቀን አልዘነጋሁትም።"

ንዴቴ የሚያርፍበት አጣ። ተሕዋስያኑ በክሎሪኑ ማለቃቸውን፣ ከሀ መጀመር እንዳለብን ነገርኳቸው። አፈርኩ፣ ግን አልዋሸሁም።

"ያለፈውን ያህል ጊዜ ይፈጃል?"

"ምናልባትም ከዚያ በላይ።"

ከዘራቸውን ይዘው ለመነሳት ሞከሩ፤ ክንዳቸውን ደገፍኩ። ከመክሳቱ የተነሳ ክንዳቸው ልብሱ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

"እንግዲያው ስትከፍቺው" አሉኝ፣ "ሰደቃው ለሁለታችንም ነው ብለሽ ለሚጠጡት ንገሪያቸው።"