ልጸልይበት

ልብስ ሰፊዋ ወንበር ሠሪውን በደንብ ታውቀዋለች ማለት ያስቸግራል። ሱቆቻቸውን የሚለያቸው አንድ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነው፤ የመጋዙን ድምፅ ሰምታ ከፍቶት ይሁን ደስ ብሎት ትለያለች። ልቡን ግን ራሱ ካልነገራት ከየት ታምጣው?

ሰፈሩ «ጋሽ ቁጭ» ይለዋል። የሠራው ወንበር ከሱቁ ከመውጣቱ በፊት ራሱ ዘጭ ብሎ ይቀመጥበታል። ከዚያ ሁለት እግሩን ከመሬት ያነሳል።

«እግርህን መሬት ላይ ተክለህ ወንበሩን አምኜዋለሁ አትበል» ይላል ለገዢ።

«ጋሽ ቁጭ፣ አንተን የቻለ ወንበርማ ዝሆንም ይችላል!» ይሉታል። ሆዱን መታ መታ አድርጎ ይስቃል።

ታላቅ እህት ነበረችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች፤ ዓይኗም ደክሟል። አንድ ቀን ስልክ ስትደውል እጁ ኮላ በኮላ ስለነበር፣ ስልኩን ጆሮው ላይ የያዘችለት ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ሳትፈልግ ሁሉንም ሰማች።

«ወንድምዓለም፣ ደረጃው አስፈራኝ። አንተ ጋ ልምጣ?»

«እትዬ... ልጸልይበትና ልንገርሽ።»

«እሺ ጸልይበት። እኔም ጸልዬ ነው የደወልኩልህ» ብላ ሳቀች።

ልበ ደረቅ ሆኖ አልነበረም። በማግስቱ አልጋ ይሠራላት ጀመር፤ በዳሰሳ ስትሄድ እጇን እንዳይወጋት ጠርዙን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ልብስ ሰፊዋንም የፍራሽ ሽፋን አዘዛት። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀምር ሲጸልይ በግድግዳው በኩል ይሰማታል፦ «ጌታ ሆይ፣ ፈቃድህ ከሆነ ምልክት ስጠኝ።» አልጋው አለቀ። ሽፋኑም አለቀ። ጸሎቱ ብቻ አላለቀም።

«ጋሼ፣ ሁሉም ነገር ዝግጁ ነው እኮ። ምን ቀረ?» አለችው።

«ገና በልቤ ሰላም አልተሰማኝም።»

«ሰላሙ እሷን ተከትሎ ቢመጣስ?»

«አንቺ ደግሞ! ከመቼ ወዲህ ነው ሰባኪ የሆንሽው?»

ተሳሳቁና ነገሩ በሳቅ አለፈ። እስከ ዛሬ የሚቆጫት ያ ሳቅ ነው። ምናለ ትንሽ ብትጨቀጭቀው!

ዝናቡ ሲበረታ እህቱ ከዚያው ደረጃ ወደቀች። ጎረቤቶቿ አንስተው ሆስፒታል ሳያደርሷት አረፈች።

ከቀብር መልስ ሱቁ በሰው ተሞላ። አንዱ ለቀስተኛ ትከሻውን ይዞ «አይዞህ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አለው።

«በእሱ አታሳብቡ» አለ ወንበር ሠሪው፣ ቀና ሳይል። «እሱ ፈቃዱን በእህቴ አፍ ነግሮኝ ነበር።»

ለቀስተኛው እጁን ከትከሻው ላይ አነሳ።

ከዚያ ወዲህ ሥራው አልቆመም። አልጋው ግን ለገዢ ሳይሰጥ፣ ሽፋኑ ተጣጥፎ እላዩ ላይ እንደተቀመጠ ጥግ ይዞ ቀረ። አንድ ከሰዓት ልብስ ሰፊዋ ክር ልትገዛ ስታልፍ አዲስ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሁለቱም እግሮቹ መሬት ላይ ነበሩ።

ገብታ አጠገቡ ቆመች።

«ጋሼ፣ አትቆጣኝና... ያኔ ምን ነበር የፈራኸው?»

አልጋውን አየ። ከዚያ እጆቹን አየ።

«እሱን እንኳ ተይው፣ እህቴ» አለና መዶሻውን አነሳ።